አልወርድም ያለው ብረት

የወጣ መውረዱ አይቀርም ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ያለው ሰው የወንድሜን የመኪና ማንሻ አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ድሬዳዋ ለገሃሬ ባለው የወላጆቼ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ከሰው ቁመት ከፍ ብላ አየር ላይ ቆማለች። ሥራዋ ካለቀ ቆይቷል። የኋላ ፍሬኗ ተሠርቷል፤ ማርሚታዋ ተበይዷል፤ የቀራት ወደ ምድር መመለስ ብቻ ነው። ወንድሜ የማውረጃውን እጀታ እስከ መጨረሻው ተጭኖታል። መኪናዋ ግን እንደ ሰዓት ትንሹ ዘንግ ናት፤ እያየሃት አትንቀሳቀስም፣ ዞር ብለህ ስትመለስ ነው ትንሽ ዝቅ ማለቷ የሚገባህ።

ባለቤቷ ጫቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ጥላ ሥር ቆሟል። ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ሰዓት ትርጉም ይረዳዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማዋ በሯን ትዘጋለች፤ ሱቁም፣ ጋራዡም፣ ሹፌሩም እስከ ዘጠኝና አሥር ሰዓት በየጥላው ይከተታል። በዚህ ሰዓት ሰው ማስጠበቅ ማለት ከበርጫው ላይ መስረቅ ማለት ነው።

«ወርያ!» አለ ሰውየው ወደ ላይ እያየ። «ዛሬ ትወርዳለች ወይስ ፋሲካን እዚያው ልታከብር ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ይህ ቀልድ በዚያ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ነበር የተቀለደው፤ ቀልድ ደግሞ ሲደጋገም ወደ ገበያ ይሄዳል። ከሁለት ወር በፊት ግቢያችን በር ላይ የሚሰለፉት ባለ ፔጆዎችና ባለ ባጃጆች ቁጥራቸው እየሳሳ መጥቶ ነበር። «እዚያ ቤት ሥራው ጥሩ ነው፣ መኪናህ ግን አይወርድልህም» የሚለው ወሬ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ደርሷል።

ወንድሜ ስምንት ዓመት ጅቡቲ ሠርቶ ነው ይህን ብረት የገዛው። ሁለት እግርና አራት ክንድ ያለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ ያገለገለ ማንሻ ነው። በእቁብ የሞላው ገንዘብ አለበት፤ እቁቡ ገና አላለቀም። ለማቆሚያው ሲባል የእናታችን የሎሚ ዛፍ ተቆርጧል (እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ይኮረፋል)። ከሎሚው ቦታ በስተግራ አባታችን ለሠላሳ ዓመት የሠራበት ጉድጓድ አለ፤ መኪናውን ከላይ አቁሞ ሰው ከሥር የሚገባበት። ወንድሜ ጉድጓዱን በሣንቃ ሸፍኖ ዘመን መጣ ብሎን ነበር። ዘመኑ መጣ፤ አልወርድም አለ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ከተማዬ አንድ ነገር ልበል። ድሬዳዋ ራሷ የመውጣት ችግር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መሥመር ወደ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ግን ከባድና ውድ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፣ ከተማም ሆነ። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ፈጅቶበታል። ባቡር የሚጠገንበት ዋናው አትሊዬ እዚህ ስለነበር የከተማው ልጅ ከእናቱ ጡት ቀጥሎ የሚያውቀው ብረት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ፈረንሳይኛ ቀላቅሎ ቡሎን የሚያስር ሰው ሌላ ቦታ የት ይገኛል? አባቴ ከአትሊዬው የወጣ ሰው ነው። የማንሻውን ሲሊንደር እስከ ዛሬ «ቬረን» ነው የሚለው። ወንድሜ ሲሊንደር ይላል፤ ረዳቱ ልጅ «ያ ቱቦ» ይላል። ሦስቱም ይግባባሉ።

ፔጆ 404ም የዚሁ ታሪክ ቁራጭ ናት። ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣት ይህች መኪና በተወለደችበት አገር ለሰብሳቢ ሰዎች መጫወቻ ስትሆን፣ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና ልጅ አሳድጋለች። ዛሬ ባጃጅ ቢበዛም ያላረጁ ነን የሚሉ አሉ። ከሐረር ደንገጎን ጠመዝማዛ ይዛ ስትወርድ ፍሬኗን ማመን አለብህ፤ ስለዚህም ነው ፍሬን የሚሠራ ሰው እዚህ ሥራ የማያጣው። የማያጣው ነበር ልበል፣ ወደ ወንድሜ ስመለስ።

የማንሻው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን በዚያ ሰሞን ግቢው ውስጥ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ወንድሜን እየጠየቅሁ ተረዳሁት። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለን ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ብትጫነው ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። ይህን የጻፈው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው፤ ድርሳኑ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 ነበር። በዚህ ሐሳብ የሚሠራውን መጭመቂያ በስሙ ያስመዘገበው ደግሞ ጆሴፍ ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ ቁልፍ ሠሪ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1795 ነው። ቁልፍ ሠሪ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ከትንሽ ሱቅ ነው የሚወጣው።

የእኛው ማንሻ በየእግሩ ውስጥ ስድስት ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፒስቶን አለው። የአንዱ ገጽ 28 ካሬ ሣንቲ ሜትር ያህል ነው። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ብትሰቅልበት እያንዳንዱ ፒስቶን 600 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህ ማለት በአንድ ካሬ ሣንቲ ሜትር ላይ 21 ኪሎ ገደማ ነው፣ የክንዶቹን ክብደት ሳንቆጥር። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ኪሎ ያህል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ አሥር እጥፍ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ሲወጣ ሞተሩ ፖምፓውን ያዞራል፣ ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል። ሲወርድ ግን ሞተር የለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የማውረጃው እጀታ አንዲት ቀዳዳ ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን ወደ ገንዳው የሚመልሰው የራሱ የመኪናው ክብደት ነው። መብራት ሲጠፋ መውጣት የለም፣ መውረድ ግን አለ። ስለዚህ አንድ ማንሻ ቀስ ብሎ ከወረደ ጥፋቱ ከሦስት ቦታ አይዘልም፦ ወይ ዘይቱ የሚሄድበት መንገድ ጠቧል፣ ወይ ዘይቱ ራሱ ለመሄድ ሰንፏል፣ ወይ ደግሞ ብረት ከብረት ጋር ተያይዟል። ባዶ ክንድ ብቻ ሲሆን ቀስ ማለቱ ግን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ የሚጫነው የለማ።

ይህን ዛሬ እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ ግቢያችን የምክር ቤት ነበር። የመጣ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ፖምፓው ሞቷል» ይላል። ፖምፓው በመውረድ ጊዜ ምን አገባው? ሌላው «ሞተሩን ቀይረው» ይላል። አንድ ዕቃ ሻጭ፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ ሙሉውን የሞተርና የፖምፓ ክፍል አዲስ ካልገዛህ አይድንም ብሎ ዋጋውን ሲነግረው ወንድሜ ለሁለት ቀን ምሳ አልበላም። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ቡዳ ነው አሉ፤ የእሳቸው ምክር ቢያንስ ርካሽ ነበር።

እኔ የማውቀው ሥራ አንድ ነው፣ መጻፍ። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሰዓት መቁጠር ጀመርሁ። መኪና በወረደ ቁጥር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች እጽፋለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀብኝ። በአራተኛው ቀን ደብተሩን ነጥቆኝ አነበበው።

የጻፍሁት እንዲህ ይላል። ጠዋት በሁለት ሰዓት የወረደች ፔጆ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ያችው ፔጆ በሌላ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰባት ደቂቃ። ጭነት ያለባት ፒክ አፕ ቀትር ላይ፣ አራት ደቂቃ ተኩል። ሁሉም ሊያልቅ ሲል፣ መሬት ሊነኩ አንድ ክንድ ሲቀራቸው፣ ይበልጥ ይዘገያሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ሲጥ የሚል ድምፅ አለ። ደኅና ማንሻ ግን ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የሚያወርደው።

ወንድሜ ደብተሩን እንደያዘ ሔዶ ጥግ ላይ ያለውን የዘይት ጀሪካን ተመለከተ። ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ዘይቱ ነው» አለ። «እኔው ነኝ።»

ማንሻውን ሲተክል የሃይድሮሊክ ዘይት 46 ቁጥር አድርግበት ተብሎ ነበር። እሱ ግን ድሬዳዋ ሞቃት ናት፣ በሙቀት ዘይት ይቀጥናል፣ ስለዚህ ወፈር ያለ ይሻላል ብሎ አሰበና 140 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሞላበት። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አስብ ነበር። ስሕተቱ ወዲህ ነው፦ የሁለቱ ቁጥሮች መለኪያ አንድ አይደለም። 46 የሚለው ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለውን ውፍረት የሚናገር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ቁጥር ግን ከሌላ ሚዛን የመጣ ነው፣ ውፍረቱም ከዚያኛው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጠዋት በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ያ ዘይት ማር ነው። ፖምፓውም ጠዋት ጠዋት እንደ ተቆጣ ግመል ያጉረመርም የነበረው ለዚህ ኖሯል። ቀትር ላይ ቀለል ይለዋል። ከባድ መኪና ደግሞ የበለጠ ስለሚጫነው ቶሎ ይወርዳል። ሁሉም ነገር ደብተሩ ላይ ነበር፤ የሚያነበው ጠፍቶ እንጂ።

እንግዲህ ወደዚያች ፔጆ ልመለስ፤ የተንጠለጠለችው ይህ በታወቀ ማግስት ነውና። አዲሱን ዘይት ገና አልገዛንም ነበር። ባለቤቷ ሰዓቱን ያያል፤ ወንድሜ እጀታውን እንደተጫነ ነው። በዚህ መካከል ረዳቱ ልጅ (ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ሥራ ይወዳል) 19 ቁጥር ቁልፍ ይዞ ወደ ግራው እግር ጎንበስ አለ። የጎማ ቱቦው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ያዘ።

«አቦ፣ ትንሽ ላላ ላድርገው» አለ። «ዘይቱ በዚህም ይውጣ፣ ቶሎ ትወርዳለች።»

ወንድሜ አልከለከለውም። ይህን እሱም አይክድም። ለአንድ አፍታ፣ የሹፌሩ ዓይን ጀርባው ላይ ተተክሎ፣ ይሁን የሚል ፊት አሳየ።

ያን ጊዜ ነው አባቴ የጮኸው። በረንዳው ላይ በወንበሩ ተቀምጦ ነበር። አባቴ አይጮኽም። ከዱላው ጋር ሦስት እርምጃ ለመሄድ ጊዜ የሚወስድበት ሰው፣ እንዴት እንደተነሣ ሳላይ ግቢው መካከል ቆሞ አየሁት።

«እጅህን አንሣ! አንሣ ብዬሃለሁ!»

ልጁ ቁልፉን ጣለው።

ያ ዳዶ ቢላላ ምን እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ። ዘይቱ በ21 ኪሎ ግፊት ይተኮሳል። በቀጭን ቀዳዳ የሚተኮስ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ከላይ ሲታይ የመርፌ ነቁጥ ያህል ናት፣ ውስጡን ግን ያበላሸዋል፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ካልተደረሰ እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። (ለዚህ ነው የዘይት ፍንጣቂ በካርቶን እንጂ በመዳፍ አይፈለግም የሚባለው፤ ግፊቱ ሲበዛማ ከርቀትም ያስፈራል።) ከዚያም በላይ፣ አንደኛው እግር ዘይቱን ቶሎ ሲለቅ ሁለተኛው እንደያዘ ነው። ሁለቱን እኩል የሚያስኬዱት የሽቦ ገመዶች አሉ፤ ያገለገለ ማንሻ ላይ ግን የገመዱን ዕድሜ ማን ያውቃል? መኪናዋ አንድ ጎኗን ዘመም ትላለች። ልጁ ደግሞ ጎንበስ ያለው ከሥሯ ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ አላስረዳም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ፔጆዋ ዘጠኝ ደቂቃ ወስዳ ወረደች። በዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ ማንም አልተናገረም፤ ሹፌሩም ጭምር።

ይህን የምጽፈው ስለ ማንሻው ብቻ ከሆነ እዚህ ጋ ወደ ጥገናው ማለፍ ይገባኝ ነበር። ግን የአባቴ ጩኸት ከየት እንደመጣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ወይም የማውቀው እኔና እሱ ነን።

በ1994 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከአትሊዬ ሲወጣ ማታ ማታና እሑድ ግቢው ውስጥ መኪና ይሠራል። አንድ እሑድ ጉድጓዱ ላይ ሌላ መኪና ቆሞ ስለነበር አንድ ላንድሮቨር በክሪክ አንሥቶ ከሥር ገባ። ጠርሙስ የምትመስለዋ የዘይት ክሪክ ናት። ክሪክ የሚለውን ቃል ጣሊያኖቹም ፈረንሳዮቹም ይሉታል፤ ከማን እንደወረስነው የሚጣሉ ሽማግሌዎች ድሬዳዋ ውስጥ አሉ። ክሪክ ያነሣል እንጂ ይዞ አያቆይም፤ ስለዚህ ከሥር ታኮ ይገባል። አባቴ ከመኪናው ሥር ሆኖ «ታኮውን አምጣና አስገባ» አለኝ። እሺ አልሁ። ታኮው ግንቡ ሥር ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሆንም።

በዚያው ቅጽበት ባቡሩ ጮኸ። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሲጮኽ የሰፈር ልጅ በሙሉ ወደ ጣቢያው ይሮጣል። ኮንትሮባንድ ይዘው የሚዘሉትን ሴቶች ማየት፣ ተምር የምትሰጥ ዘመድ ትኖር እንደሆነ ማየት... ሮጥሁ። ታኮውን ከተመለስሁ በኋላ አስገባዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር ወይስ ጨርሶ ረሳሁት? ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የክሪኩ ጎሚኒ አርጅቶ ኖሮ ዘይቱን በውስጥ ያሳልፍ ነበር። መኪናው ቀስ እያለ፣ አባቴ ሳያስተውለው፣ ዝቅ ዝቅ ብሎ፣ ክሪኩ ዘንበል ሲል በአንድ ጊዜ ወረደበት። ዳሌው ተሰበረ። ዳነ ይባላል። ወደ አትሊዬ ግን አልተመለሰም። ለጠየቀው ሁሉ «የክሪኩ ጎሚኒ ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ስለ ታኮው አንድ ቀን እንኳ አንሥቶ አያውቅም።

የማንሻው በሽታና የዚያች ክሪክ በሽታ ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ውረድ ሲባል አልወርድም ይላል፤ ሌላዋ ቁሚ ስትባል ትወርዳለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አባቴን መጠየቅ አያስፈልግም።

በማግስቱ አዲሱ ዘይት መጣ፣ አሥር ሊትር ገደማ፣ 46 ቁጥር። አሮጌውን ቀዳነው። የተቀዳው ዘይት ታች ላይ ጥቁር ጥቁር ፍርፋሪ አለበት። አዲሱ ገብቶ፣ ማንሻው ባዶውን ጥቂት ጊዜ ወጥቶ ወርዶ አየሩን ካስወጣ በኋላ፣ የጎረቤት መኪና ሰቅለን ሞከርነው። ሦስት ደቂቃ። ከአሥራ አንድ ወደ ሦስት! ወንድሜ ሊጨፍር ደረሰ። እኔም ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። አባቴ ግን ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ፍርፋሪው ከየት መጣ?» አለ።

ጥያቄው ልክ ነበር። ማንሻውን እስከ መጨረሻው አውርደን፣ መብራቱን አጥፍተን፣ የማውረጃውን ቫልቭ ፈታነው። ከኋላው የጣት ጥፍር የምታህል የሽቦ ወንፊት አለች። ግማሿ ተደፍኗል፤ የጎማ ብናኝና ያ ሁሉም ቦታ የሚገባው የድሬዳዋ አሸዋ ተቀላቅሎ ጭቃ ሠርቷል። ማንሻው ሲተከል ቱቦዎቹ ሳይሸፈኑ ለሳምንት ሜዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አሸዋው ያኔ ገብቷል። ወንፊቷ በቤንዚን ታጠበች፣ በአየር ተነፋች።

የቀረው ከሲሊንደሩ ግርጌ ያለችው ፍጥነት ገዳቢ ናት። ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ናት፣ መካከሏ ላይ ቀዳዳ አላት። ሥራዋ፣ ቱቦ ቢፈነዳ እንኳ ዘይቱ በአንድ ጊዜ እንዳይወጣና መኪናው እንዳይወድቅ መያዝ ነው። እሷን ለማግኘት ክንዶቹ ከፍ ብለው መቆም አለባቸው። ወንድሜ ባዶዎቹን ክንዶች አነሣ፤ የብረት መቀርቀሪያዎቹ በሁለቱም እግሮች ቀጭ ቀጭ ብለው እስኪይዙ ጠበቀ፤ ከዚያ ክብደቱ በሙሉ መቀርቀሪያው ላይ እንዲያርፍ እጀታውን ተጭኖ ግፊቱን አስወጣ። መብራቱን አጠፋ። እንዲህ ከሆነ በቱቦው ውስጥ ግፊት የለም።

«ታኮ» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ መቀርቀሪያው ይዟል እኮ» አለ ወንድሜ። «መኪናም የለበትም።»

«ታኮ ከክንዶቹ ሥር ይግባ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የምታስገባው።»

የባሕር ዛፍ ጉማጆቹ ዛሬም ግንቡ ሥር ነው የሚቀመጡት። አራት አመጣሁ። አንድ በአንድ ከየክንዱ ሥር ሳስገባ አባቴ ያየኝ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ስለወዛወዘ «ያንን ደግመህ» አለኝ፤ ደገምሁት። ቀና ስል ዓይኑን አነሣ። ያን ለምን እንዳለኝ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ወንድሜ ምንም አላስተዋለም፤ ጭንቅላቱ እግሩ ውስጥ ነበር።

የነሐሷ ቁራጭ ወጣች። ቀዳዳዋ ላይ የጎሚኒ ልጣጭ ተሰክቶባታል፣ እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ። ረዳቱ ልጅ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያትና የተለመደችውን ሐሳቡን አመጣ።

«ጋሼ፣ በአራት ቁጥር መሰርሰሪያ ትንሽ ብናሰፋትስ? በሠላሳ ሰከንድ ነው የሚወርደው።»

ወንድሜ መሰርሰሪያውን አየ። የእቁቡን ቀን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ። ቁራጯን ከልጁ እጅ ወስዶ፣ ልጣጩን በስፒል አውጥቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ እንደነበረች መለሳት። ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ግን ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳው፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ቱቦ በፈነዳ ቀን ምን እንደሚሆን መሬት ላይ እየሣለ አሳየው። በዚያ ላይ፣ ገዳቢዋ አንዳንድ ጊዜ እጀታው በድንገት ሲጫን ወይም አየር ሲኖር ሳትጠራ ልትዘጋ ትችላለች፤ ያኔ መፍትሔው ቁልፍ ማንሣት ሳይሆን ማንሻውን ትንሽ ወደ ላይ አንሥቶ ቀስ ብሎ እንደገና መልቀቅ ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። የገባው ይመስለኛል። የቀደደውን ጎሚኒ ለማግኘት ደግሞ የግራው ሲሊንደር ተፈታ፤ ያ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ የሚያጓጓ ነገር ግን የለውም፤ ጎሚኒ ተቀየረ፣ አለቀ።

የቀኙ እግር ሲጥታ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። ክንዱ የሚንሸራተትበት የውስጥ ግድግዳ ደርቆ፣ ከአሮጌ ግራሶ ጋር አቧራ ተጋግሮበት እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። ያንን ለመፋቅ እኔ ተመደብሁ። ከመጻፍ ሌላ የማውቀው ሥራ አገኘሁ ማለት ነው። ከተፋቀ በኋላ አዲስ ግራሶ በሥሡ ተቀባ፤ በብዛት ከተቀባ አሸዋውን እንደገና ይጠራዋል።

ባለ ፔጆው ከሦስት ቀን በኋላ ለሌላ ሥራ መጣ። እውነቱን ለመናገር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ወሬውን ሰምቶ ለማየት ነው የመጣው። «ዘይት ቀይሩልኝ» አለ። መኪናዋ ወጣች፣ ዘይቷ ተቀየረ፣ ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነው። ወንድሜ እጀታውን ተጫነ። እኔ ሰዓት ያዝሁ። አባቴ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋ።

አምሳ ሁለት ሰከንድ።

ሹፌሩ ፔጆዋን ዞሮ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«አሁንስ ፈጠነች» አለ። «የመኪናዬን ራስ ታዞራላችሁ እንዴ?»

ከዚያ ሒሳቡን ሊከፍል ኪሱ ሲገባ፣ ከሰው ሁሉ በፊት ዋጋ መቀነስ የጀመረው እሱ ነበር።